በከተማ ዳር ለሚኖር ጀማሪ፦ የአነስተኛ ሱፐርሞታርድ ሞተር ሳይክል አመራረጥና አነዳድ

ሱፐርሞታርድ የሚባለው ሞተር ሳይክል ላይ ላዩን ሲታይ የገጠር መንገድ ሞተር ይመስላል። አሞርዛተሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ መሪው ሰፊና ከፍ ያለ ነው። ልዩነቱ ከታች ነው። የገጠር ሞተር ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች ጎማ ሲኖረው ሱፐርሞታርድ ግን በሁለቱም በኩል 17 ኢንች ቸርኬና ሰፊ የአስፋልት ጎማ አለው። ዓይነቱ የተወለደው ከውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የአስፋልት፣ የሞቶክሮስና የአፈር ዙር ተወዳዳሪዎችን ካሊፎርኒያ ውስጥ በካርልስባድ በአንድ ሜዳ አገናኘ። ሜዳው ከፊሉ አስፋልት፣ ከፊሉ አፈር ነበር። ለሁለቱም የሚሆን ሞተር ሲፈለግ ይህ ቅርጽ ተገኘ፤ በኋላም አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይ ፈረንሳይ ውስጥ አደገ።

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በገላን በኩል የሚኖር ሰው የዕለት መንገዱ ከዚህ ሜዳ ብዙም አይለይም። ከቤት ሲወጣ ገረጋንቲ፣ ቀጥሎ ኮብልስቶን፣ ከዚያ የተቦረቦረ አስፋልት፣ መጨረሻ ላይ ሰፊ የከተማ ጎዳና ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከ125 እስከ 250 ሲሲ ያለው ቀላል ሱፐርሞታርድ ለዚህ ኑሮ የተመቸ ሞተር ነው ብዬ አምናለሁ። ለጀማሪ የምመክረው ግን ስለሚፈጥን አይደለም፤ በዝግታ ሲነዱት እጅግ ስለሚታዘዝ ነው። ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ዝግታው ይቀድማል፣ ጎዳናው ይከተላል።

1. መጀመሪያ መንገድዎን በክረምት ዓይን ይዩት

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከቤትዎ ደጃፍ እስከ ዋናው አስፋልት ያለውን መንገድ በእግርዎ ይሂዱበትና በሐምሌ ምን እንደሚመስል ያስቡ። በአቃቂ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለው ጥቁር ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ጠንካራ መንገድ ይመስላል። ዝናብ ሲነካው ከጎማ ጋር እየተጣበቀ ይነሳል። የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ጥልቀት ስለሌለው ዋልካውን መወርወር አይችልም። ለአስፋልት ተብሎ ወደ ጎማው የተጠጋ የፊት ፓራፋንጎ ካለው ደግሞ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይታሸግና ጥቂት ሜትር እንደተጓዙ የፊት ጎማው መዞር ያቆማል። የገጠር ሞተር ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ ራቅ ብሎ የሚሠራው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ቀላል ነው። ከቤትዎ እስከ ዋናው መንገድ ረጅም ዋልካ ካለ ይህን ሞተር አይግዙ፤ 21 ኢንች የፊት ጎማ ያለው የገጠር ሞተር ይሻልዎታል። መንገዱ ገረጋንቲ፣ ኮብልስቶን ወይም የተጎዳ አስፋልት ከሆነ ግን ልክ ቦታው ነውና ይቀጥሉ።

2. ሞተሩን ይምረጡ፤ ከፍታውን ሳይረሱ

ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። በወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ በሳሳ መጠን ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። በዚህ ስሌት በወረቀት 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እንጦጦ ላይ ከዚያም ያንሳል።

ይህን የምለው ላስፈራዎት አይደለም። ለአንድ ሰውና በከተማ ዳር ለሚነዳበት ፍጥነት 150 ሲሲ በቂ ነው። 125 ሲሲ በሜዳው በኩል፣ ማለትም በሰበታ፣ በገላንና በለገጣፎ አቅጣጫ ይበቃል። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ግን ከ150 ባያንስ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ የሚሽቀዳደም ከባድ መኪና ከኋላዎ ሲመጣ የጉልበት ማነስ ምቾት ብቻ ሳይሆን ደኅንነትም ያሳጣል። እንደ ሱዙኪ ዲአርዚ 400 ኤስኤም ያሉት ታዋቂ ሱፐርሞታርዶች ደግሞ ለጀማሪ አይደሉም። ጉልበታቸው የጀማሪን ስሕተት አይምርም።

ከጉልበቱ ይልቅ ትኩረትዎን በሁለት ነገር ላይ ያድርጉ፤ በክብደቱና በመቀመጫው ከፍታ። በዚህ መደብ ያሉት ሞተሮች በአብዛኛው ከ110 እስከ 140 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። የመቀመጫቸው ከፍታ ግን በጣም ይለያያል። ለምሳሌ ያማሃ ደብልዩአር 125 ኤክስ ሞተሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ መቀመጫው 92 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አጠር ላለ ሰው ይህ ፈተና ነው። «125 ስለሆነ ለጀማሪ ነው» የሚለውን አባባል ብቻ ይዘው አይሂዱ። ጫማዎን አድርገው ይቀመጡበት፤ ቢያንስ የሁለቱም እግሮችዎ የፊት መዳፍ በደንብ መሬት መንካት አለበት። አንድ እግር ብቻ በጣት ጫፍ የሚነካ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ቆም ባሉበት ቅጽበት ሞተሩ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይወድቃል። መቀመጫውን ስፖንጅ አስቀንሶ ማሳነስ ይቻላል። አሞርዛተሩን በብየዳ አሳጥራለሁ የሚል ካለ ግን እሺ አይበሉት።

3. ቸርኬው የተቀየረለት ሞተር ከሆነ

ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የወጣ ሱፐርሞታርድ በገበያችን ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው የገጠር ሞተር ሆኖ 17 ኢንች ቸርኬ የተገጠመለት ነው። በትክክል ከተሠራ ክፋት የለውም። ለውጡ ምን ምን እንደሚነካ ማወቅ ግን ግድ ነው።

የፊት ጎማው ከ21 ወደ 17 ኢንች ሲወርድ አጠቃላይ ዲያሜትሩ ከ67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ 59 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ፊቱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ኋላው የሚወርደው ግን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል መሪው ፈጣንና ቁጡ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ይህ ደስ ይላል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ግን መሪው ሲንቀጠቀጥ ሊሰማዎት ይችላል። ጎበዝ መካኒክ የፊት አሞርዛተሩን በማያዣው ላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎ፣ ማለትም ፊቱ ከፍ እንዲል አድርጎ ሚዛኑን ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት አመልካቹ ነው። ንባቡን ከፊት ጎማ የሚወስድ ከሆነ ትንሹ ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር በእውነት 50 ሲሄዱ 57 ያህል ያሳያል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ያበዛል። ዘይት የሚቀይሩበትን ጊዜ ሲያሰሉ ይህን ያስታውሱ።

ሦስተኛው በእኛ ከፍታ ላይ ጥቅም ነው። የኋላ ጎማው ሲያንስ ሞተሩ 8 በመቶ ያህል በቀለለ ማርሽ እንደሚሄድ ይሆናል። በከፍታው ምክንያት ከጠፋው ጉልበት የተወሰነው በዳገት ላይ የሚመለስ ያህል ይሰማል። ስለዚህ «ዳገት እንዲወጣ ፒኞኑን (በሞተሩ በኩል ያለውን ትንሹን የካቴና ማዞሪያ) በአንድ ጥርስ እናሳንሰው» የሚል ምክር ቢሰጥዎ ይቆዩ፤ ቸርኬው ያንን ሥራ አስቀድሞ ሠርቶታል። ሁለቱ ከተደራረቡ ሞተሩ በ60 ኪሎ ሜትር ይጮኻል፣ ቤንዚንም ይበላል።

ለመግዛት ሲሄዱ «ቸርኬው ከየትኛው ሞተር ነው የመጣው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ራሱ መልስ ነው። ከዚያ ከሞተሩ ኋላ ቁጢጥ ይበሉና በአንድ ዓይን ይመልከቱ። የኋላው ጎማና የፊቱ ጎማ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ካቴናው ከኮሮናው (ከኋላ ጎማው ላይ ካለው ትልቁ የካቴና ማዞሪያ) ወደ ፒኞኑ ሲሄድ ወደ ጎን መጣመም የለበትም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩት። ቸርኬው ወደ ግራና ቀኝ ከዋዠቀ፣ ወይም የቸርኬውን ሽቦዎች በመፍቻ ጫፍ መታ መታ ሲያደርጓቸው አንዳንዶቹ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥተው ሌሎቹ ከደነዘዙ፣ ውጥረቱ እኩል አይደለም። መሪውን ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ መሐል ላይ እንደ መያዝ የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የፊት አሞርዛተሩን ዘንግ በነጭ ሶፍት ይጥረጉ፤ ዘይት ከነካው ጎሚኒው ያፈሳል ማለት ነው።

ሞተሩን ራሱን ቀዝቅዞ ሳለ ማየት አለብዎት። ሲደርሱ እጅዎን ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ይለኩ። አስቀድሞ ተነሥቶ ከሞቀ ሻጩ በብርድ አልነሣም የሚል ሞተር ደብቆ ሊሆን ስለሚችል እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ ወይም ሌላ ቀን ይመለሱ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቮላ ጎሚኒው ያለቀ ሞተር ነው።

4. ወረቀቱ

በከተማ ዳር የሚኖር ሰው በሁለት አስተዳደሮች መካከል ነው የሚመላለሰው። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ አዲስ አበባን ከብዙ አቅጣጫ ይከባል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብና የፈቃድ ሥርዓት አውጥታለች። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሚያወጡት ታርጋ ወደሚሠሩበት ቦታ የሚያስገባ መሆኑን በሁለቱም በኩል ከትራንስፖርት ቢሮ በአካል ቀርበው ያረጋግጡ። የሰው ወሬ አይበቃም።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይህን አይተካም። ቦሎው የታደሰ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ ያለ እርሱ ከግቢ አይውጡ።

5. ሄልሜትና ልብስ

እዚህ ላይ ልመናዬ ብርቱ ነው። በጀትዎ ውስን ከሆነ ሞተሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ሄልሜቱን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ የሚመስለውና አገጭን የማይሸፍነው ለዚህ አይሆንም። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ይምረጡ። በውስጡ ወይም በማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የ«ኢ» (E) ፊደልና ኢሲኢ (ECE) 22.06 ወይም 22.05 የሚል ምልክት ይፈልጉ።

ልኩን እንዲህ ይፈትሹ። ያጥልቁት፣ ማሰሪያውን ይቆልፉ፣ በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ያዙሩት። የጉንጭዎ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ከኋላ ይዘው ወደ ፊት ሲገፉት ከራስዎ መውለቅ የለበትም። ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ። በውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንድ ጊዜ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም።

ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ወፍራም ጃኬት። ጋቢና ነጠላ በሞተር ላይ አይለበስም፤ ጫፉ ወደ ካቴናው ከገባ ነጂውን ይጎትታል። ይህ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰውም ይሠራል።

6. ሞተሩን ከአገሩ አየር ጋር ያስማሙ

ካርቡራተር ያለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ነዳጅ ሲሰጡት ያንቃል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ፍጆታው ይጨምራል። ማረጋገጫው ካንዴላው ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ያውጡትና ጫፉን ይዩ። ጥቁር ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ወደ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ካደላ ደኅና ነው። መካኒኩ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን የካርቡራተር ቀዳዳ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ባለ ቢቀይረው ይስተካከላል። የአየር ማጣሪያውን ነቅሎ «አየር እንዲበዛለት» ማድረግ ግን ሞተሩን ለአቧራ አሳልፎ መስጠት ነው።

በኢንጀክሽን የሚሠራው አዲሱ ዓይነት የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ለዚህ ከፍታ የምመርጠው እርሱን ነው። የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፤ ግን አያንቅም፣ በጥር ጠዋት ብርድም ያለ ልመና ይነሣል።

የጎማ ነፋስ በዚህ ክብደት ላሉ ሞተሮች በአብዛኛው ከፊት ከ25 እስከ 29፣ ከኋላ ከ29 እስከ 33 ፒኤስአይ ነው፤ በሞተሩ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ካለ እርሱ ይበልጣል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ። ጎሚስታው ለመኪና በለመደው እጁ እስኪጠነክር እንዳይሞላው አጠገቡ ይቁሙ፤ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፣ እርጥብ ላይ ይንሸራተታል።

7. ልምምዱ

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቸኩለው ቢያልፉት እንኳን እዚህ ላይ ይቆዩ። መኪና የማያልፍበት፣ ፈቃድ ያገኙበት ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጉ። በከተማው ዳር ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማቆሚያ ሜዳዎች በማለዳ ባዶ ሲሆኑ ለዚህ ይሆናሉ። ልጆች ወደ ሜዳው ከመውጣታቸው በፊት ይጨርሱ። አጠገብዎ የሚነዳ ሰው ቢኖር በጣም ጥሩ ነው።

ሞተሩን ሳያስነሡ ይጀምሩ። በግራ በኩል ቆመው መሪውን ይዘው በክብ ይግፉት፤ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ። ክብደቱ ከየት ጀምሮ እንደሚከብድ፣ ምን ያህል ሲያዘነብል እጅዎን እንደሚያሸንፍ ሰውነትዎ ይማር። ይህን የዘለለ ሰው ሞተሩ የሚወድቅበት ቆሞ ሳለ ነው።

ከዚያ ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም በግራ እጅ የሚጨበጠውና ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው። አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ነዳጅ ሳይሰጡ፣ ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ይልቀቁ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት መሳብ የሚጀምርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ያቁሙ። ሞተሩ አንድ እርምጃ ይሂድ፤ እጀታውን መልሰው ይጨብጡና በእግርዎ ወደ ኋላ ይመልሱት። ጣትዎ ያንን ቦታ ሳያስብ እስኪያገኘው ድረስ ይደጋግሙ። ትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት ስለሌለው እዚህ ላይ ቢሳሳቱ ይጠፋል እንጂ ዘሎ አያመልጥም፤ ለጀማሪ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀጥሎ በሰው እርምጃ ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ። የነዳጅ እጀታውን በትንሹ ከፍተው እንዳለ ይያዙት፤ ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩት በፍሪሲዮኑና በኋላ ፍሬን ነው። የኋላ ፍሬኑን በቀኝ እግርዎ በስሱ ተጭነው ያቆዩ። የፊት ፍሬንን በዚህ ፍጥነት መሪው በተጣመመበት ቅጽበት ከነኩ ሞተሩ ይወድቃል። እንዲህ እያዘገሙ እግርዎን ሳያወርዱ ረጅም ርቀት መሄድ ሲችሉ አዲሱ ገበያ ላይ ያለውን የጠዋት ሰልፍ ያለ ጭንቀት ይችሉታል።

አሁን ሁለት የውኃ ጠርሙሶች አሸዋ ሞልተው በ8 ሜትር ርቀት ያስቀምጡና በዙሪያቸው ስምንት ቁጥር ይሥሩ። ዓይንዎ ከጠርሙሱ ላይ ይነሣ፤ ቀጥሎ ወደሚሄዱበት ይመልከቱ። ወደ መሬት ያየ ወደ መሬት ይሄዳል። በዝግታ ሲታጠፉ ሞተሩን ወደ ጎን ያዘንብሉት፣ እርስዎ ግን ቀጥ ብለው ይቀመጡ። የሱፐርሞታርድ ሰፊ መሪ ለዚህ የተሠራ ነው። ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ሲታጠፉ አይተው ይሆናል፤ በከተማ መንገድ ይህ ጥቅም የለውም፣ የተዘረጋ እግር ከመንገድ ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

ፍሬኑ ለብቻው ረጅም ጊዜ ይገባዋል። ረጅም አሞርዛተር ያለው ሞተር የፊት ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው በጣም ይሰምጣል። እጀታውን ድንገት ከጨበጡት አሞርዛተሩ ገና ሳይጨመቅ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ሳይመጣ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። አያያዙ የበሰለ ብርቱካን እንደመጭመቅ ነው፤ መጀመሪያ በስሱ፣ አፍንጫው መስመጡን ሲጨርስ ጠንከር። ጎማው በዚያን ጊዜ መሬቱን ስለሚጫን ብዙ ኃይል ይችላል። በ20 ኪሎ ሜትር ጀምረው፣ ሲለምዱት 30፣ ከዚያ 40። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) የላቸውም፤ ስለዚህ ኤቢኤሱ የእርስዎ ጣቶች ናቸው።

ቁጥሩንም ይወቁት። ለማስተዋል አንድ ሴኮንድ ቢፈጅብዎ፣ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን፣ በ30 ኪሎ ሜትር ለመቆም 14 ሜትር ያህል፣ በ50 ግን 30 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ሜዳው ላይ በእርምጃ ለክተው ሁለቱንም በድንጋይ ምልክት ያድርጉባቸው። ቆመው ሲያዩት ልዩነቱ ያስደነግጣል።

መጨረሻ ላይ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆኑ፣ የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት በስሱ ይግፉ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ግራውን ሲገፉ ወደ ግራ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያደርገዋል፤ አውቆ የተለማመደ ግን ድንገት ከፊቱ ጉድጓድ ሲገጥመው በአንድ ግፊት ያልፈዋል።

8. ወደ ጎዳና ሲወጡ

የመጀመሪያ ጉዞዎን ሥራ በሌለበት ቀን፣ በማለዳ ያድርጉት። የቃሊቲን መንገድ ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ከባድ መኪናው የሚበዛበት እርሱ ነው። ለመጀመሪያ ከለገጣፎ በኩል ያለው የደሴ መንገድ ወይም ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚወስደው የአምቦ መንገድ በእሑድ ማለዳ ይሻላል። በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ከሆኑ አትሌቶች በመንገዱ ዳር በቡድን ስለሚሮጡ ፍጥነት ቀንሰው ሰፊ ርቀት ይተዉላቸው። ከብትና በግ ሲሻገር ክላክስ አይንፉ፤ የደነገጠ በግ ወደ እርስዎ ሊሮጥ ይችላል። አንዱ ከተሻገረ ሌላውም ይከተላል፤ ቆመው ያሳልፏቸው።

በመንገዱ ላይ ቦታዎ የመኪና ግራ ጎማ የሚሄድበት መስመር ነው። መሐሉ የመኪና ዘይት የሚንጠባጠብበት ስለሆነ ይንሸራተታል፤ የቀኙ ዳር ደግሞ የሚኒባስ በር የሚከፈትበት፣ ባጃጅ የሚቆምበት ነው። ረዳቱ እጁን በመስኮት ካወጣ ታክሲው ሊቆም ነው። በሲኖትራክና በመንገድ ጠርዝ መካከል በፍጹም አይግቡ። ስፖኪዮው ላይ የሾፌሩ ፊት ካልታየዎ እርሱም አያይዎትም።

ኮብልስቶን ላይ ፍሬን አስቀድመው ይጨርሱ፤ ድንጋዩ በጎማ ብዛት ስለሚወለወል ሲረጥብ በጣም ያንሸራትታል። በመሪው ላይ አይንጠልጠሉ፣ ትከሻዎን ዘና ያድርጉ፤ አሞርዛተሩ ሥራውን ይሥራ። ሱፐርሞታርድ ከተራ የከተማ ሞተር የሚበልጥበት ሁኔታ ይህ ነው። ነገር ግን 17 ኢንች ጎማ ወደ ጉድጓድ የሚገባው ከ21 ኢንቹ ይልቅ በጥልቀት ነው፤ ማምለጥ ካልቻሉ ከመግባትዎ በፊት ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ከመቀመጫው ጥቂት ይነሡ።

9. ዝናብና ቁልቁለት

ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉ የከፋ ነው። የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ወደ ላይ ይወጣል። ቢያንስ ያ እስኪታጠብ አንድ ቦታ ተጠልለው ይጠብቁ። በእርጥብ መንገድ የፍሬን ርቀትዎን እጥፍ አድርገው ያስቡ። የዜብራውን ነጭ ቀለምና የብረት ክዳኖችን ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ይለፏቸው። ውኃ የያዘ ቦታ ሁሉ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ ሊሆን ይችላል።

ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ የሚወርደው መንገድ ለቀላል ሞተርም ፈተና ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያውርዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝ። ፍሬንን ያለማቋረጥ ተጭነው ከወረዱ የፍሬን ሸራውና ዘይቱ ይግላሉ፣ እጀታውም ይላላል። ይልቁንም ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ ቤንዚን ለመቆጠብ መውረድ ሕይወትን በጥቂት ብር መሸጥ ነው። በክረምት ጉም ሲወርድ መብራቱን ያብሩ፣ ረጅሙን ግን አይጠቀሙ፤ ጉሙ መልሶ ዓይንዎን ያጨልመዋል።

10. እንክብካቤ

አዲስ ሞተር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ እጀታውን እስከ መጨረሻው አይክፈቱ፤ በአንድ ፍጥነትም ለረጅም ጊዜ አይንዱ። የመጀመሪያውን ዘይት መመሪያው በሚለው ጊዜ፣ ሳያሳልፉ ይቀይሩ።

የዘይቱን ዓይነት ልብ ይበሉ። የብዙ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ለመኪና የተሠራ፣ ቤንዚን ቆጣቢ የሚባል ዘይት ከተጨመረበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉዞው ግን አይጨምርም። ሰው ይህን አይቶ ፍሪሲዮን አስቀይሮ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ጥፋቱ ግን የዘይቱ ነው። በጣሳው ጀርባ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) ወይም ኤምኤ2 (MA2) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይግዙ። የውፍረቱን ቁጥር ከመመሪያው ይውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ 10 ደብልዩ 40 ነው።

ካቴናውን በየ500 ኪሎ ሜትሩና ከዝናብ በኋላ ሁሉ በነጭ ጋዝ አጽድተው ይቀቡት። ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ጎሚኒ ያላቸውን ካቴናዎች ያደርቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ብቻ ይሥሩ። መሐል ላይ በጣት ሲነሣ መመሪያው ሌላ ካላለ ከ3 እስከ 4.5 ሳንቲ ሜትር ይላላ፤ ረጅም አሞርዛተር ሲጨመቅ ካቴናው ስለሚወጠር ገትሮ ማሰር ኩሽኔታውን ይበላል።

የአየር ማጣሪያው ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በበጋ አቧራ ቶሎ ይሞላል። በሳሙናና በውኃ ያጥቡት፣ በጥላ ያድርቁት፣ በማጣሪያ ዘይት አርጥበው ጨምቀው ይመልሱት። ሽቦ በተወጠረበት ቸርኬ ላይ ያለው ጎማ በአብዛኛው ካላማዳሪያ አለው፤ ሚስማር ሲገባበት ነፋሱን ድንገት ይለቅቃል። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ትንሽ ፖምፓና የጎማውን ዳዶ የሚፈታ መፍቻ ከመቀመጫው ሥር ወይም በጀርባ ቦርሳ ይያዙ። አዲስ የተወጠሩ የቸርኬ ሽቦዎች ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ስለሚላሉ አንድ ጊዜ ያስፈትሿቸው።

የተቀየረውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ሰብስበው ለጋራዡ ይመልሱ እንጂ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቦይ አይድፉት፤ በዳር ሰፈሮች ያ ቦይ የሚወርደው የጎረቤት ጎመንና ሰላጣ ወደሚጠጣው ወንዝ ነው።